የእትዬ አስካለ የዘፈን ሳጥን

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ናት። ስልኩን አንስቼ "ሃሎ" ከማለቴ፣ "እትዬ አረፉ፤ ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው" ብላ ዘጋችው። ድምጿ ውስጥ እንባ አልነበረም። ለእኔ የሚሆን እንባ አልነበራትም ማለት ይሻላል። ስልኩን እንደያዝኩ ሱቄ ውስጥ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ቀድሞ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም። በበጋ የፋብሪካ ዝቃጭ ሲለቀቅበት የሰበታ ወንዝ የሚሸተውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። እንደዚያ ያለ ነገር ነው ጉሮሮዬ ላይ የመጣው፤ የመጣውም ከሌላ ከየትም ሳይሆን ከራሴ ውስጥ ነው።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ነው። ስለ እሳቸው ስጽፍ ስለ እኔም መጻፌ አይቀርም፤ በተቻለኝ መጠን አሳጥረዋለሁ።

እትዬ አስካለ ሰበታ ውስጥ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። በካሴት ዘመን ከተፍኪም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም ሰው ይመጣላቸው ነበር። የሚመጣው ግን ካሴት ለመግዛት ብቻ አልነበረም፤ ሠርግ እንዲቀዱለት ነበር። መቅረጫቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሁለት ማይክ ይዘው፣ ድንኳን ውስጥ ከዘፋኙ አጠገብ ይቆማሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው "በኋላ" ይላሉ። ኦሮምኛውን ቀዱ፣ አማርኛውን ቀዱ፣ ጉራጊኛውን ቀዱ። ከወላይታና ከከምባታ ለፋብሪካ ሥራ የመጡ ልጆች ሲበዙ ደግሞ የእነሱን መዝሙር መቅዳት ጀመሩ። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። አንድ ደንበኛ፣ "እትዬ፣ የጴንጤ መዝሙርም ይቀዳሉ እንዴ?" ቢላቸው፣ "ሦስት ድምፅ ለይተው የሚዘምሩ ልጆች ናቸው። አንተ አንዱንም በቅጡ ስታወጣ ሰምቼህ አላውቅም" አሉት።

እንደ እሳቸው የሚጸየፍ ሰው አላየሁም። ብዙ ሰው ቆሻሻ ይጸየፋል፤ እሳቸው የሚጸየፉት ብልሹ ሥራን ነበር። "ኤጭ!" ይላሉ፤ እንዲህ ሲሉ የቀኝ እጃቸውን ሦስት ጣት ቀሚሳቸው ላይ ይጠርጋሉ፤ ነገሩን በእጃቸው ባይነኩትም ይጠርጋሉ። መሀል ላይ የተቆረጠ ዘፈን ሲሰሙ፣ ኤጭ። ሻጭ ሲምል ሲገዘት፣ ኤጭ። ግቢያቸውን ሊያሸጥ በየሳምንቱ የሚመላለሰው የመሬት ደላላ በሩን አንኳኩቶ ሲሄድ፣ መዝጊያውን በውኃ ሲያጥቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ደግሞ በእሳቸው ዓይን የውርደት ጥግ ነበርኩ። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሱቄ ኮምፒውተር አስቀምጬ ለሰው ሞባይል ሚሞሪ ዘፈን እጭን ነበር። ሺህ ዘፈን እንዲገባ ፋይሉን እጨምቀዋለሁ፤ የድምፁ ጥራት ይጠፋል፣ ደንበኛው ግን ብዛቱን ያያል። አንድ ቀን ሱቄ ገቡና የጆሮ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቀው በራሳቸው ጆሮ ላይ አደረጉት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ክራር ነው እትዬ።"

"ክራር አይደለም። ቆርቆሮ ነው። አንተ ክራር ገድለህ ቆርቆሮ ትሸጣለህ።"

ጣታቸውን ጠረጉ። ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ሰበታ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሌላ ሰው ባገኝ አንተ ጋ አልመጣም ነበር" አሉኝ። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

የመጡበት ጉዳይ ይኼ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ካሴቶቹ እየሻገቱ ስለነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ እያጫወቱ ኮምፒውተራቸው ላይ ሲገለብጡ ኖረዋል። ገልብጠው የጨረሱትን ይጥላሉ። አዳዲሶቹን ሠርጎች ደግሞ በዲጂታል መቅረጫ ስለሚቀዱ ጭራሹን ካሴት የላቸውም። አሁን ኮምፒውተሩ ሞልቷል። ሲጠፋ ደግሞ ማንም አይሰማም።

"የምፈልገውን ልንገርህ" አሉኝ። "ዘፈኖቼ አንድ ቦታ ይቀመጡ። ሳይጨመቁ። ግቢዬ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከየክፍሉ፣ በየስልኩ፣ የወደደውን ይስማ። እኔም ሳሎን ካለው አምፕሊፋየር ልስማ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳ። ኢንተርኔት ደግሞ አይጠይቀኝ።"

የመጨረሻዋ ዋናዋ ነበረች። ጊዜው ማስተር ፕላኑ የመጣበት ነው። አዲስ አበባ ወደ እኛ ትሰፋለች ተባለ፤ ገበሬው መሬቴን አለ፤ ተማሪው ወጣ፤ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፤ ጥይት ተተኮሰ። ነገር በተነሳ ቁጥር ኢንተርኔቱ ድርግም ይላል። ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠ ሰው የገዛ ዘፈኑን አይሰማም። "የገዛ ሠርጌን ለመስማት ማን ሊፈቅድልኝ ነው?" ይሉ ነበር።

መጀመሪያ የሰነፍ ሥራ ሠራሁላቸው። የዋይፋይ ሳጥናቸው ጀርባ ላይ ፍላሽ ሰካሁ። አንድ ሰው ሲሰማ ይሠራል፤ ሁለተኛ ሲጨመር ይንተባተባል፤ ሦስተኛ ሲከፍት ሁሉም ጋ ይቆማል። "ይኼ የታመመ ነው" አሉ። ቀጥሎ አሮጌ ኮምፒውተር ላቁምልዎት አልኩ። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ይግላል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካልቀሰቀሱት አይነሳም። እሱንም መለሱልኝ።

ከዚያ ቡራዩ ሄድን። አንድ ሻጭ ትልቅ ዲስክ በርካሽ አለኝ ብሎኝ ነበር። ሁለት ታክሲ ቀይረን ደረስን፤ አስፋልቱ ላይ ጎማ የተቃጠለባቸው ጥቋቁር ክቦች ነበሩ፣ ሽታው ገና አልለቀቀም። ሻጩ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ ነው። "ሁለት ቴራ ነው እማማ፣ ኦሪጅናል፣ ልጆቼን ይንሳኝ" አለ። እትዬ ዲስኩን ተቀብለው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት።

"ክፈተው።"

"ከተከፈተ ዋስትናው ይበላሻል እማማ።"

"ክፈተው አልኩህ።"

ከፈተው። ውስጡ ጥፍር የምታህል የሞባይል ሚሞሪ በማስቲሽ ተለጥፋለች። ከጎኗ፣ ዲስኩ እንዲከብድ፣ ሁለት ትልልቅ ብሎን። እትዬ ብሎኖቹን ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። "ልጆችህን አይንሳህ፤ አንተን ይንሳቸው" አሉትና ወጡ። ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ጣታቸውን መጥረግ አላቆሙም።

እኔ ጠርጥሬ ነበር። ዋጋው እዚያ ድረስ መርከሱ ልክ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሙያ አለኝ። ግን ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ይቀለኛል። ታክሲው ውስጥ ዘወር ብለው፣ "ጠርጥረህ ነበር አይደል?" አሉኝ። "አይ፣ እኔም..." ስል፣ "ተወው" አሉ፤ መስኮቱን ከፍተው ወደ ውጭ ማየት ያዙ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ ሻጭ ጋ አገኘን። እሱ ደግሞ አራት ዲስክ የሚይዝ ትልቅ ነገር ሊሸጥላቸው አሰበ፤ የጥበቃ ካሜራ ይቀዳል፣ የቢሮ ወረቀት ያስቀምጣል፣ ምኑ ቅጡ። እትዬ አስጨርሰውት፣ "ዘፈን አልኩህ እኮ" አሉ። ያነሱት ትንሿን ነው። ሁለት ዲስክ የምትይዝ፣ መጽሐፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን፤ ድምፅ የላትም፤ አንድ ቁልፍ ብቻ። የኔትወርክ ገመዱ ዋይፋዩ ላይ ይሰካል፣ አለቀ። አንዱ ዲስክ ላይ የተጻፈው ሁለተኛው ላይም ራሱን ችሎ ይጻፋል።

"አንዱ ቢሞት ሌላው አለ ማለት ነው" አሉ።

"አዎ እትዬ።"

"ሌባ ቢገባ ሁለቱንም በአንድ እጁ ነው የሚያነሳቸው።"

ይኼን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ነኝ ባለሙያ የተባልኩት።

"ሦስተኛ ግልባጭ ሌላ ቤት ይቀመጥ" አሉ። "አንተ ጋ። አልወድህም፤ ግን የምታውቀው አንተ ነህ።" ሌላ ዲስክ ገዝተው ሙሉውን ገለበጥኩበትና ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት።

ሳጥኗ ሥራ የጀመረችበትን ቅዳሜ ከሰዓት አልረሳውም። እትዬ ግቢያቸው ውስጥ ስድስት ክፍል አከራይተዋል፤ ተከራዮቹ አብዛኛዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ የደቡብ ሴት ልጆች ናቸው። ልብስ ያጥባሉ፤ እያንዳንዷ ስልኳን ሳፋዋ አጠገብ አስቀምጣለች። ከአንዱ በር የከምባታ መዝሙር፣ ከአንዱ የጉራጌ ጭፈራ፣ ሳሎን ደግሞ የእትዬ የድሮ ባንድ። አንድም አልተንተባተበ። እትዬ ግቢው መሀል ቆመው አንዱን ጆሯቸውን ወደ አንዱ ክፍል፣ ሌላውን ወደ ሌላው እያዞሩ ሰሙ። "ኤጭ" የሚሉት ነገር አጡ። እሳቸውን ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከእትዬ ግቢ በአጥር የምትለየው የአዴ ዲንቂ ቤት ነበረች። አዴ ዲንቂ ባላቸውን ቀብረው ልጆቻቸውን በወተትና በቅቤ ንግድ ያሳደጉ እናት ናቸው። ወንድ ልጃቸው ገመቹ በተቃውሞው ጊዜ ተመትቶ ሞተ። ድንጋይ ይዞ ነበር አልያዘም የሚለውን ሰው እስከዛሬ ይከራከርበታል፤ እኔ አላየሁም። የማውቀው ሃያ ሁለት ዓመቱ እንደነበረ ነው። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ እህቱ ወደ ተፍኪ ስትዳር፣ እትዬ ሠርጉን ቀድተው ነበር። ገመቹ ያወጣል፣ ሰው ይቀበለዋል። ዘፈኑ መሀል ላይ ሁሉንም ያቆምና እናቱን በስማቸው ይጠራቸዋል፤ "ሃርሜ ኮ፣ ዲንቂ ኮ!" ይላል። እናቴ፣ ዲንቂዬ ማለቱ ነው። ከዚያ የአዴ ዲንቂ እልልታ ይሰማል።

ካዘኑ በኋላ አዴ ዲንቂ እሑድ እሑድ ወደ እትዬ ሳሎን እየመጡ ይሰሙት ነበር። እትዬ አንድ እሑድ፣ "እዚህ ሰው ፊት አታልቅሺ። ቤትሽ ሆነሽ ስሚው" አሏቸውና የዋይፋዩን የምስጢር ቁጥር እንዳስገባላቸው አዘዙኝ። ዋይፋዩ አጥሩን አልፎ አልጋቸው ድረስ ይደርሳል። የያዙት ስልክ የገመቹ ነበር፤ መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። "ስልኩ ላይ አይጫንልኝም?" ብለው ጠየቁኝ። እትዬ ናቸው የመለሱላቸው። "ኬላ ላይ ስልክ እያስከፈቱ ነው። ለአንድ ዘፈን ሰው ሲደበድቡ አይተሽ የለ? ሳጥኑ ቤት ነው ያለው፤ የትም አይሄድም።"

ልክ ነበሩ። ሳጥኑ የትም ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል?

አሁን ወደምጠላው ቦታ ደረስኩ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ ከሱቄ ሦስት ቤት አልፎ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ተፈተሸ፤ ልጁን ወሰዱት። ምን አገኙበት ብዬ ስጠይቅ አንዱ ወረቀት ነው አለኝ፣ ሌላው ዘፈን ነው አለኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ዲስክ ትዝ አለኝ። ገመቹም እዚያ ውስጥ ነው፤ ከሱ ሌላም በየሠርጉ የተዘፈነ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ጀግና የሚል ብዙ ኦሮምኛ አለ። በሩን ዘጋሁና ዲስኩን ሰካሁ። ለእትዬ ልደውል እችል ነበር። ወስዶ መመለስ፣ ግድግዳ ውስጥ መሸሸግ፣ ብዙ ማድረግ ይቻል ነበር። እኔ ግን አጠፋሁት። ሙሉውን። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ባዶ መሆኑ ደግሞ ያስጠረጥራል ብዬ ለደንበኛ የምጭናቸውን ተከታታይ ፊልሞች ገለበጥኩበት። ፊልሙ ሲገለበጥ ሳንቡሳ እየበላሁ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዘይቱ ጣቴ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳንቡሳ አይወርድልኝም።

ለራሴ የነገርኩት ነገር ነበረኝ፤ "ሳጥኑ አለ፣ ሁለት ዲስክ አለው" አልኩ።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፈታሾች እትዬ ቤት ገቡ። ሁለት የታጠቁና አንድ የቀበሌ ሰው። የቀበሌውን ሰው እትዬ ያውቁታል፤ የእሱንም ሠርግ የቀዱት እሳቸው ናቸው። ተከራዮቹ እንደነገሩኝ፣ ከታጣቂዎቹ አንዱ ሳጥኗ ላይ ብልጭ የምትለውን አረንጓዴ መብራት አይቶ፣ "ይኼ ወደ ውጭ መልእክት የሚልክ ነው" አለ።

"ወደ ውጭ አይልክም። ወደ ስድስቱ ክፍል ነው የሚልከው። ዘፈን ነው" አሉት እትዬ።

"የምን ዘፈን?"

"ይኼን ሰውዬ ጠይቀው" ብለው የቀበሌውን ሰው አመለከቱ። "የእሱም ሠርግ ውስጡ አለ። ሲዘፍን አያምርበትም እንጂ።"

ሰውየው ጫማውን ማየት ጀመረ። ሳጥኑንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ መቅረጫውንም ጭነው ሄዱ።

በማግስቱ እትዬ ሱቄ መጡ። የቀድሞዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አልነበረም፤ ለዚህ ቀን ያዘጋጁት ነገር ነበራቸውና። እጃቸውን ዘረጉ።

"አምጣው" አሉ።

የመሳቢያውን ቁልፍ ያዝኩ፤ አልከፈትኩትም።

"ታደሰ፣ ዲስኩን አምጣው።"

"እትዬ... የፎቶ ኮፒ ቤቱን ልጅ ሲወስዱት..."

አስጨረሱኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፊልሙን ጭምር። "ኤጭ" አላሉም። ቢሉ ደስ ይለኝ ነበር። የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው መለሱና ሦስቱን ጣት ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ሲጠርጉ የሚያዩት እኔን ነበር።

"የጠፋ ነገር ማውጫ ፕሮግራም አለ ብለኸኝ አልነበር?" አሉ።

"አለ። ግን ፊልሙ የተጻፈበት ቦታ..."

"ካሁን ወዲህ ምንም አትጻፍበት። የቀረውን አውጣ።"

ፕሮግራሙ ሁለት ቀን ሠራ። ያወጣቸው ፋይሎች ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። እትዬ በየጠዋቱ እየመጡ፣ ከደንበኞቼ ተለይተው ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ በጆሮ ማዳመጫ አንድ በአንድ ሰሙ። "ይኼ የአሸዋ ሜዳ ሠርግ ነው። ይኼ የሱሉልታው ሽማግሌ ነው፣ ማሲንቆው አንድ ፀጉር ጎሎታል" እያሉ ስማቸውን ያጽፉኛል። ሁለት ወር ቆየን። በእነዚያ ሁለት ወራት ከፋይል ስም በቀር አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ሲሶው ጨርሶ አልተገኘም። ከተገኘውም ብዙው መሀል ላይ ይበላሻል፤ ሙሽራዋ እየተዘፈነላት እያለ ድንገት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይመጣል። የእኔ ፊልም የተጻፈበት ቦታ ነው። ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር እትዬ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ሳያነሱ ያዩኛል።

መካከል ላይ ስለ ሳጥኑ ሊጠይቁ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይመላለሱ ነበር። አንዴ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ለምርመራ ሄዷል፣ ነገ ይምጡ ተባልን። ልንወጣ ስንል መስኮቱን አየሁ። እንዳይዘጋ የተደገፈው በሳጥኗ ነው። ሆዷ ተከፍቶ ዲስኮቹ ወጥተዋል፤ ቅርፊቷ ብቻ ቀርታለች። አንዱ ሠራተኛ ላይዋ ላይ ሲጋራ አጥፍቶባታል። እትዬም አይተዋታል። ሰዎቹን ምንም አላሏቸውም። ውጭ ስንወጣ ግን አጥሩ ሥር ተደግፈው አስመለሳቸው። እኔ መጀመሪያ ሳልይዛቸው ቆምኩ። ልይዛቸው ስል እጄን ገፉት።

የገመቹ ፋይል የተገኘው ወደ መጨረሻው ነው። ሃምሳ አንድ ሴኮንድ። እሱ ያወጣል፣ ሰው ይቀበላል፣ ያወጣል፣ ይቀበላል፤ ሁሉንም ዝም ያሰኛል፤ ሊጠራቸው አየር ሲስብ ይሰማል፤ ከዚያ ጩኸቱ። ስማቸውን የሚጠራበት ቦታ የለም። እልልታቸውም የለም።

እትዬ ሦስት ጊዜ ሰሙት። "ጩኸቱን ቁረጠው። ከሱ ድምፅ ላይ ግን እንዳትነካ፣ ትንፋሹንም ተውለት" አሉኝ። ቆረጥኩ።

"አሁን ወስደህ ስጣት። የቀረውን ለምን እንደሌለ አንተው ንገራት። እኔ አልነግርልህም።"

ሄድኩ። አዴ ዲንቂ ደጃቸው ላይ ቅቤ ይመዝናሉ። ሲያዩኝ ተነሱ፣ "አካም፣ ኢልማ ኮ" ብለው ሳሙኝ፤ ልጄ አሉኝ። ስልኩ ላይ ጫንኩላቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙ። ሲያልቅ ስልኩን ገልብጠው አዩት፣ የቀረው ከጀርባው ያለ ይመስል።

"የሚጠራኝ ጋ ለምን አቆመ?" አሉኝ።

ማለት የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አፌ ላይ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው፤ "ሳጥኑን የወሰዱት ሰዎች ናቸው ያበላሹት፣ አዴ። እኛ የቻልነውን ነው ያወጣነው" አልኩ። እኛ አልኩ።

አዴ ዲንቂ ሰዎቹን ረገሙ። እኔን መረቁኝ፤ እጄን ይዘው፣ ልጄን ከመቃብር ያወጣህልኝ፣ እግዜር ልጅ ይስጥህ አሉኝ። ከቤት በቅቤ የታሸ ጭኮ አምጥተው በእጃቸው አጎረሱኝ። ዋጥኩት። ቅቤው ጉሮሮዬ ላይ እስከ ማታ አልወረደም።

እትዬ ሱቄ ውስጥ እየጠበቁኝ ነበር።

"ነገርካት?"

"ነገርኳቸው።"

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ተነስተው ዲስኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ። ከዚያ በኋላ ሱቄን አልረገጡም።

ሥራቸውን ግን አልተዉም። መንግሥት ተለወጠ፣ ሰዎቹም ከጽሕፈት ቤቱ ተለወጡ፤ ሳጥኗን የመለሰ የለም። እትዬ ሌላ ሳጥን ገዙ፤ ያቺኑ ዓይነት ባለ ሁለት ዲስክ። የሚገጥምላቸው ሰው ከለገጣፎ አስመጡ እንጂ እኔን አልጠሩም። በየሠርጉ የቀዱላቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ሰው ጣሪያ ሥር የጣለውን ካሴት እየለመኑ፣ የጎደለውን መተካት ያዙ። ሱሉልታ ሲሄዱ የታክሲ ሰልፍ ላይ አያቸው ነበር፤ ቀጭን፣ ነጭ ነጠላ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጅ እቅፍ አድርገው። ልጠጋ እልና እተወዋለሁ። የገመቹን የቀረ ድምፅ ተፍኪ ድረስ እንደፈለጉ ሰምቻለሁ። አላገኙም።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ከቡራዩም ከሱሉልታም መጥተዋል፤ የፋብሪካ ልጆች ፈቃድ ወስደው በሁለት ሚኒባስ መጡ። የቀበሌው ሰውዬም ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል፣ ከፊት ሆኖ ያስተናብራል። ሳየው የድሮው ነገር ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ከዚያ እኔስ በምን እሻላለሁ ብዬ አሰብኩ። እሱ ታዞ የጫነውን እኔ ማንም ሳያዘኝ ነው ያጠፋሁት። ደግሞ እሱ ጭኮ አልጎረሰበትም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አዴ ዲንቂ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝና እጄን ያዙ። እዚያው፣ ሰው እየሰማ፣ ተናገርኩ።

"አዴ፣ የገመቹን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳጥኑን የወሰዱት እነሱ ናቸው፤ እትዬ እኔ ጋ ያስቀመጡት ግን ደህና ነበር። ፈርቼ ነው ያጠፋሁት። ላይው ላይ ፊልም ጫንኩበት። ዋሸሁዎት።"

እጄን አልለቀቁም።

"ናን ቤካ" አሉ። "አውቃለሁ። አስካለ ያኔውኑ መጥታ ነግራኛለች። 'ራሱ እስኪነግርሽ ድረስ እንዳላወቅሽ ሁኚለት' አለችኝ። ማወቄን ቆጥቤ ያዝኩልህ።"

"ይኼን ሁሉ ዓመት?"

"ይኼን ሁሉ ዓመት። በአጥሩ በኩል ስላንተ ትጠይቀኛለች፤ 'መጣ?' ትለኛለች። ባለፈው ሐሙስም ልጠይቃት ገባሁ። መናገር ከብዷታል። እጄን ሳበችኝና 'መጣ?' አለችኝ።"

አዴ ዲንቂ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"'አልመጣም' አልኳት።"